የጠዋቱ የቤት ጉብኝት

በአርባ ሁለት ዓመቴ እንደገና ተማሪ ሆንኩ። ይህን የምለው በኩራት አይደለም፤ ድካሙን እንድታውቁልኝ ነው። ደሴ ላይ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሳስተምር አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። አንድ ቀን ርእሰ መምህሩ ጠራኝና ትምህርት ቤቱ የተማሪ አማካሪ እንደሚያስፈልገው፣ ለዚህም ከእኔ የተሻለ ሰው እንደሌለ ነገረኝ። ለምን እንደመረጠኝ ስጠይቀው "አንቺ አትጮሂም" አለኝ። የማልጮኸው ጉሮሮዬ ስለደከመ ነበር፤ ግን ደብዳቤው ቀድሞ ተጽፎ ስለነበር ዝም አልኩ። በዚህ ሁኔታ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጥ የምክር አገልግሎት ሁለተኛ ዲግሪ ጀመርኩ።

የክፍሉን ትምህርት እንደምንም ተገላገልኩት። የመጨረሻው መንፈቅ ግን የመስክ ልምምድ ነው። አንድ ተቋም ይመደብልሃል፤ እዚያ ከሰው ጋር ትቀመጣለህ፤ የተቀመጥክበትን ሰዓት በቅጽ ላይ ትሞላለህ፤ የተቋሙ ተቆጣጣሪ ይፈርምልሃል፤ ቅዳሜ ደግሞ ደሴ ሄደህ የሰማኸውንና የመለስከውን ለአስተማሪህና ለጓደኞችህ ታቀርባለህ። ለእኔ የደረሰኝ ከሚሴ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከደሴ በሚኒባስ እወርዳለሁ፤ ሐሙስና ዓርብ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ በጠዋት ተመልሼ እሳፈራለሁ። ማታ ማታ የማድረው አስፋልቱ ዳር ባለች ፔንሲዮን ነበር። የከሚሴ ሙቀትና የከባድ መኪና ጩኸት ተባብረው እንቅልፍ የሚባል ነገር አሳጡኝ። የሰውን እንቅልፍ ማጣት የማዳምጠው እኔም ሳልተኛ ነው።

የተሰጠኝ ክፍል ድሮ የክትባት ማቀዝቀዣ የሚቀመጥበት ነበር። ማቀዝቀዣው አሁንም አለ፤ ይሥራ አይሥራ ማንም አያውቅም፤ ድምፁ ግን ይሠራል። ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ባጃጅ ሲያልፍ የሚንቀጠቀጥ አንድ መስኮት። ተቆጣጣሪዬ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ ከሚሴ ተወልዶ ከሚሴ ያረጀ፣ ነገር የማያበዛ ሰው። "መምህርት" እያለ ይጠራኛል፤ ማክበሩ ይሁን ማሾፉ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ወረፋው ፋታ ሲሰጠው ብቅ ይልና ቅጼን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ይፈርማል። ስለ ንድፈ ሐሳብ ላወራው ስሞክር እስክጨርስ ይጠብቀኝና "ምሳ በላሽ ወይ?" ይለኛል።

በመጀመሪያው ሐሙስ ሁለት ሴቶች አብረው ገቡ። ሁለቱም ከሃምሳ አልፈዋል። አንደኛዋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ሌላዋ ከኋላዋ ቆማ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች። የቆመችው ጎረቤቷ ነበረች። በዚያ አገር ታማሚ ብቻውን አይመጣም፤ ብዙ ጊዜም ሕመሙን የሚናገረው አብሮት የመጣው ሰው ነው። እኔ ግን መጽሐፌን ተከትዬ፣ ምክር የሚሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ እንደሆነና ጎረቤቷ ውጭ ብትጠብቅ እንደሚሻል ተናገርኩ። ጎረቤቲቱ ፊቷ ተለወጠ። አብሮ የመጣን ሰው ማስወጣት ነውር መሆኑን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ወሎ ተወልጄ ወሎ ያደግሁ ሰው ነኝ። ብቻ ቅጹ ያንን ይላል። የገረመኝ ሴትዮዋ ራሷ ፈጥና "ውጭ ጠብቂኝ" ማለቷ ነው። በሩን ዘጋሁት። ማስታወሻዬ ላይም ተገልጋይዋ ሚስጥሯ እንዲጠበቅላት እንደምትፈልግ ጻፍኩ፤ በራሴም ደስ አለኝ።

የመጣችው ራሴን ይከፍለኛል፣ እንቅልፍ የለኝም ብላ ነው። የደም ግፊት አለባት፤ መድኃኒቱን ትወስዳለች፤ አልሻል ሲላት ነርሱ ወደ እኔ ላካት። ትንሽ እንደቆየን ስለ ልጇ አወራችልኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ከሰፈሩ ልጆች ጋር በባቲ አድርጎ፣ አፋርን አቋርጦ፣ ወደ ባሕሩ ወርዷል። ሳውዲ ሊገባ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከባሕሩ ማዶ ሆኖ፣ ባለፈው አረፋ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

ስሙን አትጠራም፤ "ኢልመ ኮ" ነው የምትለው፣ ልጄ ማለቷ ነው። አማርኛውንና ኦሮምኛውን እያደባለቀች ታወራለች፤ የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ስለሆነ የጠፋኝን በእጇ እየሠራች ታሳየኛለች። ልጇ ቲማቲም አይወድም። ሲስቅ ዐይኑ ይጠፋል። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ሲመለስ የሚሠራው ቤት በሩ ከፍ ማለት አለበት፤ አሁን ባለው ቤት ግንባሩን ሲመታ ነው ያደገው። ላሚቱ ከእሱ በቀር ለማንም ወተቷን በደስታ አትሰጥም። ይህን ሁሉ ስታወራ ራሱን ያመመው ሰው አትመስልም ነበር። ሰባት ሐሙስ መጣች፤ ሰባቱንም ጎረቤቷን ውጭ አስቀምጣ በሩን ራሷ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ከእኔ ተገልጋዮች መካከል አንድም ቀን ያልቀረች እሷ ብቻ ናት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ይህን ደሴ አቀርባለሁ። አስተማሪዬ ከእኔ አሥር ዓመት ያንሳል፤ የሚናገረው ግን ሁልጊዜ ትክክል ነው፤ ያ ደግሞ ያበሳጨኛል። ሴትዮዋ ያለችበት እልባት ያጣ ሐዘን እንደሆነ፣ ልጁ ላይመለስ ይችላል የሚለውን ነገር ቀስ ብዬ እንዳስጀምራት ነገረኝ። በአምስተኛው ሐሙስ ሞከርኩ። "ባይደውልስ? አስበውት ያውቃሉ?" አልኳት። ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አደረገች። ከዚያ ልጇ ገንፎ በቅቤ ሳይሆን በተልባ እንደሚወድ አወራችልኝ። እኔም ማስታወሻዬ ላይ "ጥያቄውን ሸሸች" ብዬ ጻፍኩ።

የቀረኝ የቤት ጉብኝት ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ቢያንስ አንድ ተገልጋይ ቤት ሄዶ መጎብኘት አለበት፤ ያ ካልተሞላ የመንፈቁን ሪፖርት ማቅረብ አይቻልም፤ ሪፖርቱን ያላቀረበ ደግሞ መንፈቁን ይደግማል። እኔ ሪፖርቱ እስከሚቀርብበት ሳምንት ድረስ ሳዘገየው ኖርኩ። ትምህርት ቤት ፈተና ነበር፤ አንድ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ ቀረሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ በቃ ደከመኝ። ሪፖርቱ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። መንፈቁን መድገም ሳስበው ማልቀስ ይቃጣኝ ነበር። ሌላ መንፈቅ ሙሉ በዚያ ሚኒባስ፣ በዚያ ፔንሲዮን፣ በዚያ የሚያጉረመርም ማቀዝቀዣ አጠገብ ልቀመጥ ነው።

ስለዚህ ዓርብ ቀን ወሰንኩ፤ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሥቼ፣ ቤቷ ደርሼ፣ ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ፣ በአንድ ሰዓት ወደ ደሴ እሳፈራለሁ። የገበሬ ቤት በጠዋት ይነቃል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለሴትዮዋ አልተነገራትም፤ ሐሙስ ሄዳለች። ጎረቤቷን ግን ዓርብ ጤና ጣቢያው በር ላይ አገኘኋትና ቤቱን እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። ከሰዓት ቢሆን አይሻልም ወይ አለች። ትምህርት እንዳለብኝ ነገርኳት። የመንግሥት ሰው ለምትለው እምቢ ማለት ስለማይሆንላት እሺ አለች። ለሴትዮዋ የነገርኳት መስሏት ነበር፤ እኔ ደግሞ እሷ ትነግራታለች ብዬ ተውኩት።

ተቆጣጣሪዬንም ነገርኩት። ሲጽፍ የነበረውን አቆመ።

"መምህርት፣ ሰው ቤት በጠዋት አይኬድም። ከአስር ሶላት በኋላ ሂጂ" አለኝ።

ስለ ሪፖርቱ አስረዳሁት። ከአስር ሶላት በኋላ ሂጂ ብሎ ደገመው፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። ሽማግሌ ሁሉንም ነገር ወደ ከሰዓት ማስተላለፍ ይወዳል ብዬ በልቤ አማሁት።

ቅዳሜ ሱብሂ ሰግጄ ጥቁር ሻሌን ተከናነብኩና ወጣሁ። ብርድ ባይሆንም ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ከቦርከና ወንዝ በኩል ይመጣል። ባጃጅ ተኮናተርኩ። የሰፈሩን ስም ስነግረው ሾፌሩ አየኝና የከፈተውን ነሺዳ አጠፋው፤ እስክንደርስም ቃል አልተነፈሰም። ጨዋ ልጅ ነው አልኩ። ጨፋ ሸለቆ ላይ ማሽላው ታጭዶ ነዶው እዚህም እዚያም ቆሟል። ጎረቤቲቱ መንገድ ዳር ስትጠብቀኝ ባሏም አብሯት ነበር። ከመስጊድ ሲመለስ ነው ያገኛት፤ ውሻ አለና ላድርሳችሁ አለ። ነጭ ጥምጥሙን እንደጠመጠመ፣ ከዘራውን ይዞ ከፊት ሄደ። እሷ ተከተለችው። እኔ ከኋላ ሆኜ በልቤ ሰዓት እቆጥራለሁ።

ሴትዮዋ ደጅ ነበረች። ላም ልታልብ ጥጃውን ከእንጨቱ እየፈታች ነው። ቀና ስትል አየችን። ገመዱን ለቀቀችው።

እኔ ደህና አደሩ ልል "አካም ቡልቴ" አልኩ። አልመለሰችልኝም። በእኛ አገር ሰላምታ ያልተመለሰለት ሰው ሊደነግጥ ይገባው ነበር፤ እኔ አልሰማችኝ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። እሷ እኔን አላየችም። የምታየው ጎረቤቷን ነው።

"ደህና ነው ወይ?" አለቻት።

ደህና ነው፣ መምህርቷ ልትጠይቅሽ ነው የመጣችው አለች ጎረቤቲቱ።

"ወላሂ በይ።"

ያኔም አልገባኝም። እውነቴን ነው። ጎረቤቲቱ ወላሂ ትላለች፣ ሁላችንም እንስቃለን፣ እንገባለን፣ እንቀመጣለን ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ወደ ባሏ ዞረች። በጠዋት፣ ከሱብሂ በኋላ፣ ሦስት ሰው፣ አንዱ ጥምጥም የጠመጠመ ሽማግሌ፣ አንዷ ጥቁር የለበሰች። መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። የአባቴን ሞት እናቴን ሲያረዷት ልጅ ሆኜ በመስኮት አይቻለሁ፤ የመጡት በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ዓይነት ነበር። ይህን እያወቅሁ ነው በገዛ እግሬ የመጣሁት።

ጎረቤቲቱ በውሸት መማል አልቻለችም። ባሏ ከዘራውን ተደግፎ፣ ሰው ሲሞት የሚባለውን፣ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለ። መጀመሪያ የጮኸችው ጎረቤቲቱ ናት። እናትየዋ አልጮኸችም። ደጃፉ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠችና ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ከየቤቱ ሰው መውጣት ጀመረ። ጥጃው ላሚቱ ሥር ገብቶ ወተቱን ሲጠባው የሚከለክለው አልነበረም።

ደሴ አልሄድኩም። ሴቶቹ መካከል ተቀምጬ አለቀስኩ፤ አንዲት ሴትዮ በማን በኩል ትዛመጃለሽ ብላ ጠየቀችኝ። ረፋድ ላይ የጎረቤቲቱ ባል አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለና ነገሩን አጫወተኝ። ከሦስት ወር በፊት፣ አብረውት ከተሻገሩት ልጆች አንዱ ደውሎ ነበር። ልጁ ታሞ እዚያው ሞቶ፣ እዚያው ቀብረውታል። ሽማግሌዎቹ ወዲያው ሊያረዱ ተሰብስበው ነበር፤ ግን የሟች ታላቅ እኅት ባቲ ባሏ ጋር ናት፣ ያን ጊዜ እርጉዝ፣ አሁን አራስ። መርዶ አራስ ቤት አይገባም። እናትን ለብቻዋ፣ ሴት ልጇ አጠገቧ ሳትኖር ማርዳትም ደግ አይደለም። የአራሷ አርባ ቀን ሲሞላ፣ እሷን አምጥተን፣ የእናትየዋን ግፊት የሚያይ የጤና ባለሙያም ይዘን እንነግራታለን ተባብለው ነበር።

ስንት ቀን እንደቀረ ጠየቅሁት። "አሥራ አንድ" አለኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት ልጂቱ ከባቲ መጣች። ከመኪና ስትወርድ ሕፃኑን ሌላ ሴት ይዛላት ነበር፤ እሷ በሁለት ሰው ተደግፋለች። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ከተማ ተስማምቶ ከእሷ የመለሰውን ነገር እኔ በአንድ ጠዋት ወስጄ ጫንኩባት። ያን ቀን የተሰማኝን እፍረት ዛሬም ስጽፈው ፊቴ ይሞቃል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ተቆጣጣሪዬ ክፍል ገብቼ ያውቅ እንደነበር ጠየቅሁት።

"ከሚሴ ሁሉ ያውቃል" አለኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ጉሮሮዬ ለካ ገና አልሞተም።

"ብነግርሽ ፊትሽ ይነግራት ነበር። አብረሻት የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።"

 ስለ ሚስጥር አጠባበቅ አንድ ሙሉ ኮርስ ወስጄ "በጣም ጥሩ" አግኝቻለሁ፤ ሚስጥር መጠበቅ ያየሁት ግን እዚያ ነው፤ ባጃጅ ነጂው፣ ገበያተኛው፣ የመስጊዱ ሰው ሁሉ ለአንዲት ሴት ሲል አፉን ዘግቶ። በሩን ዘግቼ ሚስጥር ጠባቂ ነኝ የምለው እኔ ነበርኩ። ነርሱ ቅጼን ተቀበለኝና የቤት ጉብኝት በሚለው ፊት "ተከናውኗል" ብሎ ጽፎ ፈረመ። አይፈርሙ አልኩት። ሄደሻል እኮ አለኝ። አስተማሪዬም ሪፖርቱን በሌላ ቅዳሜ እንዳቀርብ ፈቀደልኝ። መንፈቁን ሳልደግም ቀረሁ። ለዚያ ነበር የሮጥኩት፤ ሲሳካልኝ ግን ምንም አልተሰማኝም።

ልምምዴ ባለቀበት ሐሙስ ማስታወሻዎቼን ስሰበስብ በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን። ከስታለች። ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና የልጂቱን ሕፃን ደህና መሆን፣ ግፊቷም መውረዱን ነገረችኝ። ለሳምንታት ሳዘጋጀው የነበረውን ይቅርታ ጀመርኩ፤ እጇን አነሣችብኝ።

"ተይው፣ ኢንተለ ኮ፣ ተይው ልጄ። እኔ አውቄው ነበር።"

መቼ ብዬ ጠየቅሁ።

"ገበያ ስወጣ፣ ውኃ ስቀዳ፣ 'ልጅሽ ደወለ ወይ?' የማይለኝ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ሁሉም መጠየቅ ተወ። ያን ጊዜ አወቅሁ።" የስካርፏን ጫፍ ጠቀለለች። "ጎረቤቴም ስታየኝ ዐይኗን ትሰብራለች። ቤት ውስጥ ስሙን ባነሣ ሰው ይወጣል። የቀረው ወሬ ይቀይራል።"

ታዲያ ለምን ወደ እኔ ይመጡ ነበር ልላት ነበር፤ ሳልጠይቃት መለሰችልኝ።

"ከሚሴ ውስጥ የማታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ያንቺ ፊት የሚደብቀኝ ነገር አልነበረውም። እዚህ ኢልመ ኮ ይበላል፣ ይስቃል፣ ቤት ይሠራል። ሐሙስ እስኪደርስ ይቸኩለኝ ነበር።"

ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። እኔ ሰባት ሳምንት የጻፍኩትን ሁሉ እጄ ላይ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። የምታወራለት ልጅ ቁመት፣ ሳቁ፣ ገንፎው፣ ሁሉም እዚያ ደብተር ላይ አለ፤ አጠገቡ ደግሞ "ሸሸች" የሚል የእኔ ጽሑፍ።

ስካርፏን አስተካክላ ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ እንደልማዷ እጀታውን ያዘችና ዞር አለችልኝ።

"አሁን አንቺም አወቅሽ" አለችኝ። በሩን ክፍቱን ትታው ሄደች።